የጠፋው የ«ሴድ» መሳቢያ

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በፔንሮክ መዝገበ ቃላት ቤት የካርድ ክፍል፣ አራት ሺህ መሳቢያዎች ከተደረደሩበት ግድግዳ አንዱ ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። የወለቀ ጥርስ ይመስል ከሩቅ ያስታውቅ ነበር።

የጠፋው ተራ መሳቢያ አይደለም። «ሴድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቀመጠበት ነው፤ እኛ «አለ» የምንለው፣ ልብ ወለድ ጸሐፊ ያለ እሱ አንድ ገጽ የማይራመደው ቃል። በውስጡ ሁለት ሺህ ያህል ካርዶች ነበሩ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ቃሉ ያለበት አንድ ዐረፍተ ነገር ከጋዜጣ ወይም ከመጽሐፍ ተቀድቷል፤ ከሥሩ ደግሞ ምንጩ፣ ቀኑና የቀዳው ሰው ስም መነሻ ፊደላት ሰፍረዋል። መዝገበ ቃላት የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰው ቃሉን የት እንዴት እንደተጠቀመበት ሳይታይ ፍቺ አይጻፍም።

መርማሪ ዴልፊን ቲቦዶ ይህን ያወቀችው ቆይታ ነው። በስልክ የነገሯት «መሳቢያ ተሰረቀብን» ብቻ ስለነበር ጌጣጌጥ የጠፋ መስሏት እየከነፈች መጣች። የፔንሮክ ከተማ ያላት መርማሪ እሷ ብቻ ናት፤ ያለፈውን ሳምንት ሙሉ ደግሞ የአንድ ጡረተኛ በረዶ መጥረጊያ ማሽን ስትፈልግ ነው የሰነበተችው። እውነተኛ ወንጀል አምሯት ነበር።

በሩን ከፍታ «ደህና አደራችሁ!» ስትል ሦስት ሰዎች እኩል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ከሦስቱ አንዱ፣ ሉሽየስ ባጅሊ የሚባለው ፂማም አዘጋጅ፣ ባዶ ካርድ ላይ ጫር ጫር አድርጎ አቀበላት።

«እዚህ አይወራም» ይላል።

ዴልፊን ካርዱን ገልብጣ «ለምን?» ብላ ጻፈች።

«ደንብ ነው። ሰው ፍቺ እየጻፈ ነው።»

«እሳት ቢነሳስ?»

ሉሽየስ ጥቂት አሰበና «በትልልቁ እንጽፋለን» ብሎ መለሰ።

በዚያ ቤት ድምፅ አውጥቶ መነጋገር የሚቻለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ምሳ ክፍሉ ውስጥና የዋና አዘጋጁ ቢሮ ውስጥ፣ ያውም በሩ ተዘግቶ። ዴልፊን ምርመራውን ከምሳ ክፍሉ ጀመረች። ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀት የተነጠፈበት ረጅም የእንጨት ሣጥን ውስጥ ዶናት ተደርድሯል። ቁርስ አልበላችም ነበርና አንዱን አንስታ እየገመጠች የካርድ ክፍሉን ኃላፊ አስጠራች።

ሚስ ዊኒፍሬድ ኦክስ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቀጭን ናቸው፤ የካርድ ክፍሉን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ከዴልፊን እናት ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ይዘምሩ ስለነበር ሲቆጧት እንደ ልጅ ነው።

«ፍርፋሪው ደረትሽ ላይ ነው፣ ዴልፊን።»

«ይቅርታ፣ ሚስ ዊኒፍሬድ። እስቲ ይንገሩኝ።»

«ምን እነግርሻለሁ! ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም መሳቢያ ቦታው እያለ፣ ቆልፌ ምሳዬን ይዤ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ እስክወጣ ድረስ ጀርባዬን ለመሳቢያዎቹ ሰጥቼ በር ላይ ነበርኩ፤ ትንኝ እንኳ መሳቢያ ይዛ አላለፈችም። ማታማ ሌባ ቢገባ የሕንፃው የማንቂያ ደወል ይጮሃል። ዛሬ ጠዋት ታይፒስቷ መሳቢያውን ልትወስድ ስትመጣ የለም።»

«እርስዎ የሌሉት እንግዲህ ከስድስት እስከ ሰባት ብቻ ነው።»

«ከስድስት እስከ ሰባት ብቻ።»

«ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው አለ?»

«ዶክተር ክሪል ነበራቸው። ጠፋብኝ ካሉኝ አሥራ አምስት ዓመት ይሆናል።»

«ካርዶቹን ያነቧቸዋል እርስዎ?»

ሚስ ዊኒፍሬድ ቶሎ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔ? የእኔ ሥራ በፊደል ተራ ማስቀመጥ ነው። ምን ብዬ አነባለሁ?»

ዴልፊን ማስታወሻዋ ላይ አንድ ቃል ጻፈች፤ «ዋሹ»።

*

ዋና አዘጋጁ ዶክተር ኦጉስተስ ክሪል ረጅም፣ ክራባታቸው አንገታቸውን እንደያዘ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ለሠራተኛ «እንደምን አደርክ» የሚሉት በካርድ ነው ይባላል። ዴልፊን ስትገባ ቢሯቸውን ዘጉና ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ፖሊስ መጥራት አያስፈልግም ነበር። የቤት ጉዳይ ነው።»

«ሚስ ዊኒፍሬድ ናቸው የጠሩን።»

«እሳቸው ሥርዓት ይወዳሉ።» ብዕራቸውን ከጠረጴዛው ቀኝ ወደ ግራ አዛወሩት። «የቦርዱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ቫን ዌርት ደውለው ነበር። መሳቢያው እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካልተገኘ፣ ቁልፉ በእጃቸው የነበረው ሚስ ዊኒፍሬድ ይሰናበታሉ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ ሴት?»

«ቦርዱ ነው የወሰነው።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እኔ…» ብዕሩ ወደ ቀኝ ተመለሰ። «ጉዳዩ በጣም አሳዛኝ ነው አልኩ።»

«ማክሰኞ ከስድስት እስከ ሰባት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ምሳ።»

«ምስክር አለዎት?»

«ድመቴ።»

ዴልፊን ከዚያ ቢሮ ስትወጣ ደሟ ፈልቶ ነበር። በልጅነቷ እናቷ ስትታመም ሾርባ ያመጡላቸው የነበሩት እኒሁ ሚስ ዊኒፍሬድ ናቸው። እኒህ ሴት ዓርብ ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው እንዲወጡ አትፈቅድም። የቀራት ሁለት ቀን ተኩል ነበር።

*

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ራሱን አቀረበ። ሉሽየስ ባጅሊ ምሳ ክፍሉ ገብቶ ሁለት ዶናት አንስቶ ከተቀመጠ በኋላ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ሌባውን ካገኘሽው አመስግኚልኝ።»

«ለምን?»

«ዴልፊን፣ እኔን እዪኝ። አንድ ክፍል ተምረናል፣ ያኔ ሰው እመስል ነበር። አሁን አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንድ ቃል ላይ ተቀምጫለሁ። ‹ሴድ›! በእንግሊዝኛ አራት ፊደል! ሁለት ሺህ ካርድ አንብቤ ሃያ ሁለት ፍቺ አወጣሁ፤ ከዚያ ሃያ ሦስተኛው መጣ። ባለቤቴ ተኝቼ ‹አለ፣ አለች› እንደምል ነገረችኝ።»

«ስለዚህ መሳቢያው ቢጠፋ ደስ ይልሃል።»

«እልል እላለሁ። ቢፈቀድ።»

«ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

ሉሽየስ አፉን ከፍቶ በጣቱ አሳያት። ጥግ ላይ ያለው መንጋጋ የለም፤ ድዱ አብጧል። የጥርስ ሐኪሙ በስልክ አረጋገጠ። ታካሚው ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ወንበሩ ላይ ነበር፤ መርፌ ሲያይ ራሱን ስቶም ነበር።

ዴልፊን የሰጠውን ቃል በታይፕ አስመትታ ለፊርማ ስትሰጠው በቀይ እርሳስ አቅልሞ መለሰላት።

«‹ተጠርጣሪው እጅግ በጣም በመደሰት ስሜት ውስጥ ሆኖ ተናገረ› ብለሻል» አላት። «‹እጅግ›ንም ‹በጣም›ንም አውጫቸው። ‹ስሜት›ን አውጪው። ‹ተጠርጣሪ›ንም እኔን ስለሚያስከፋኝ አውጪው።»

«ምን ቀረ ታዲያ?»

«‹ተናገረ›። እሱንም ወደ ‹አለ› ለውጪው። ሰው ሲናገር ‹አለ› ይበቃዋል። ጸሐፊው ‹አጉረመረመ፣ አንባረቀ፣ ተነፈሰ› እያለ ሲደክም አንባቢው የሚያየው ጸሐፊውን ነው።» ከዚያ ፂሙን አሸት አድርጎ ተከዘ። «አየሽ፣ ስለምጠላው ቃል እንኳ ሳወራ ጥብቅና እቆምለታለሁ። አበላሽቶኛል።»

ዴልፊን ሪፖርቷን አርማ ጻፈችው። እስከዛሬ ከጻፈችው ሁሉ አጭሩ ነበር። ደግሞም፣ ደስ ባይላትም፣ ከሁሉ የተሻለው።

*

ታይፒስቷ ጆዲ ማክፊ ገና ሃያ አራት ዓመቷ ሲሆን ከተቀጠረች ሰባት ወሯ ነው። ሥራዋ ካርዶቹን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት መኪናዋ ውስጥ ራዲዮ እየሰማች ስትዘፍን ማዶ ያለው የጫማ ሱቅ ባለቤት ሰምቷታል።

«ሰምቷል ብቻ?» አለች ጆዲ። «እንዳቆም መጥቶ መስኮት አንኳኩቷል።»

«እሺ ጆዲ፣ ማክሰኞ ባይጠፋ ረቡዕ መሳቢያውን አንቺ ትወስጂው ነበር። ወስደሽ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«እጽፈዋለኋ። ስጨርስ ኮምፒውተሩ ዝርዝር ያወጣል። በአንድ መሳቢያ ውስጥ ከአንድ ጋዜጣ የተቀዳ ካርድ ከሃምሳ ካለፈ የጋዜጣውን ስም ለክፍለ ግዛቱ ቤተ መጻሕፍት ልኬ አረጋግጣለሁ። ዶክተር ክሪል ደንቡን አልወደዱትም፤ ወይዘሮ ቫን ዌርት ናቸው ያስገቡት።»

«እስካሁን ያለፈ አለ?»

«አንድም። ሰው በአንድ ቃል ላይ ከአንድ ጋዜጣ ሃምሳ ካርድ ምን ሊያደርግለት ይቀዳል?»

ጆዲ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከኪሷም አንድ ካርድ አወጣች። ጠዋት ባዶው ቦታ ውስጥ እጇን ሰድዳ፣ ከኋላ ከስንጥቁ ያገኘችው ነው። ለማን እንደምትሰጠው ስላላወቀች ይዛው ዞራለች።

ዴልፊን አነበበችው።

«“ወንዙ ቢመጣም ባይመጣም ከዚህ ጣራ አልወርድም” አለች አልሚራ፣ የባሏን ኮት እስከ አንገቷ እየቆለፈች።»

ከሥሩ፦ የዊሎው ቤንድ ታዛቢ ጋዜጣ፣ ማርች 14 ቀን 1951። አር. ቲ.

«ወረደች?» አለች ዴልፊን።

«ማ?»

«ይህች አልሚራ።»

«እኔ እንጃ! የእኔ ሥራ መገልበጥ ብቻ ነው» አለች ጆዲ። ትንሽ ቆይታ ግን ጨመረች። «እኔም አስቤው ነበር ግን።»

ከሰዓት በኋላ ዴልፊን ከጣቢያው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ደወለች። መልሱ ሐሙስ ጠዋት መጣ። የዊሎው ቤንድ ታዛቢ የሚባል ጋዜጣ በክፍለ ግዛቱ ታትሞ አያውቅም። ዊሎው ቤንድ የሚባል ከተማም የለም። ወንዙም የለም።

*

ሚስ ዊኒፍሬድን ያገኘቻቸው ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ ወንዝ ዳር አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ነው። የዶሮ ሳንድዊቻቸውን ከፍተው አልነኩትም። ዴልፊን ካርዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ሚስ ዊኒፍሬድ አይተው ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ይሄ ደህና ነው ማለት ነው» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አላነብም ብለውኝ ነበር።»

«ዋሸሁሽ።»

«ለፖሊስ መዋሸት ያስቀጣል፣ ሚስ ዊኒፍሬድ።»

«ቅጪኝ። ብነግርሽ ካርዶቹን ሐሰተኛ ብለው ይጥሏቸው ነበር።» አፍንጫቸውን አበሱ። «በተቀጠርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው አልሚራን ያገኘኋት። መጀመሪያ ‹ፈሰሰ› የሚለው ቃል ውስጥ። ከዚያ ‹ኮት› ውስጥ። ከዚያ ‹ጀልባ› ውስጥ። አንድ ካርድ አንድ ዐረፍተ ነገር፤ ቀናቸውን ተከትለሽ ካነበብሽ አንድ ታሪክ ነው። ልብ ወለድ ነው፣ ዴልፊን! አንድ ሰው ሙሉ ልብ ወለድ ጽፎ ዐረፍተ ነገሩን እየቆራረጠ በአራት ሺህ መሳቢያ ውስጥ በትኖታል። ለዊሎው ቤንድ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ‹ከተማው የለም› ብለው መለሱልኝ። ያን ቀን ነው የገባኝ።»

«‹ሴድ› መሳቢያ ውስጥ ስንት ነበር?»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት። ልብ ወለድ ውስጥ ሰው ያወራል አይደል? ባወራ ቁጥር ‹አለ› ነው።»

እንግዲህ ነገሩ ዴልፊን ፊት ተገለጠ። ሌላ ቃል ላይ አንድ ሁለት ካርድ ነው፣ ኮምፒውተሩ አያየውም። «ሴድ» ላይ ግን ሁለት መቶ አሥራ አራት። ደራሲው አንድ በአንድ ለመልቀም ጊዜ ስላልነበረው መሳቢያውን እንዳለ አነሳው።

«አር. ቲ. ማነው?»

«ሮስኮ ታትል። የድሮ አዘጋጅ፤ ካርዶቹ መጻፍ ከመጀመራቸው ሁለት ዓመት በፊት ነው የሞተው። ሌላ ሰው በስሙ ነው የጻፈው።»

«በሃምሳ አንድ እዚህ ይሠሩ ከነበሩት በሕይወት ያለ ማነው?»

ሚስ ዊኒፍሬድ በጣታቸው ቆጠሩ። አራቱ ሞተዋል። «የቀሩት ዶክተር ክሪል ብቻ ናቸው።»

ሁለቱ ተያዩና ሳቃቸው አመለጣቸው። ዶክተር ክሪል! የድመታቸው ስም እንኳ «ድመት» የሆነ ሰው!

«እሳቸው አይደሉም» አሉ ሚስ ዊኒፍሬድ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይህን የጻፈ ሰው ልብ አለው።»

«ለመሆኑ ታሪኩ እንዴት ነው?»

ሚስ ዊኒፍሬድ ሳንድዊቹን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጧት። አልሚራ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ኤፍሬም የሚባለው ጀልበኛ ጎረቤቷ በባሏ ቀብር ላይ ክፉ ቃል ተናግሯት ሰባት ዓመት ተኳርፈዋል። ጎርፍ ይመጣል፤ ሁሉም ይሸሻል፤ እሷ ጣራ ላይ ትወጣለች። ሁለት ቀን ሁለት ሌሊት። በመጨረሻ በጭጋጉ ውስጥ ጀልባ ይታያል፤ ኤፍሬም ነው። ከጣራው ሥር ቆሞ «እጅሽን ስጪኝ» ይላታል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«በሃምሳ አራት ያበቃል። ሴትዮዋን እዚያ ጣራ ላይ ትቷት ሄደ። ሃያ ስምንት ዓመት ፈልጌያለሁ። ምናልባት የተሰወረ ካርድ አለ እያልኩ በየዓመቱ መሳቢያዎቹን ከኤ እስከ ዜድ አያለሁ።» ሚስ ዊኒፍሬድ ወንዙን አዩ። «ሥራዬን ቢያስለቅቁኝ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሳላውቅ መውጣቴ።»

*

ዓርብ ጠዋት ዴልፊን በእጇ ምንም አልነበራትም። አራት ሰዓት ላይ ምሳ ክፍሉ ገብታ፣ ከንዴቷ ብዛት፣ ሦስት ቀን ያደረውንና የመጨረሻውን ዶናት አነሳች። እንደ ድንጋይ ደርቋል። መልሳ ልትጥለው ስትል ወረቀቱ አብሮ ተነሳ፤ ሣጥኑ ታች ላይ፣ ቅቤ የነካው እንጨት ላይ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ቁጥር አየች። 3988።

ሣጥኑን አዞረችው። ግንባሩ ላይ የነሐስ እጀታ አለው። ከእጀታው በላይ መለያ ወረቀት የሚገባበት የነሐስ ክፈፍ አለ፤ ወረቀቱ ግን ወጥቷል።

ሦስት ቀን ሙሉ ተጠርጣሪዎቿን እየመረመረች ዶናት የበላችው ከመዝገበ ቃላቱ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ጆዲ ቡና ልትቀዳ ገባች።

«ጆዲ፣ ይህን ዶናት ማን ነው ያመጣው?»

«ዶክተር ክሪል ናቸው እኮ! ማክሰኞ ከምሳ መልስ። እኔም ደነገጥኩ። ሉሽየስማ ሐኪም የነገራቸው ክፉ ነገር አለ ብሎ አዝኖላቸው ነበር።»

ዴልፊን ሣጥኑን ታቅፋ ወደ ካርድ ክፍሉ ሮጠችና ሚስ ዊኒፍሬድ ፊት አስቀመጠችው። ሚስ ዊኒፍሬድ ቁጥሩን አዩ። ደንቡን ረስተው ጮኹ።

«ኤክስ! ይህ የኤክስ መሳቢያ ነው!»

ሉሽየስ ከወዲያኛው ጥግ «እሽሽ!» የሚል ካርድ ከፍ አደረገ።

በእንግሊዝኛ በኤክስ የሚጀምሩ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ መሳቢያውን በዓመት አንዴ የሚከፍት ሰው ቢገኝ ነው። ከግድግዳው ጥግ፣ ከታች፣ ኤክስ የሚል መለያ የተለጠፈበትን መሳቢያ ሳቡት። በካርድ ጢም ብሏል፤ የመጀመሪያው ካርድ «ሴድ» ይላል። የተሰረቀው መሳቢያ ከክፍሉ ወጥቶ አያውቅም። የወጣው ባዶው የኤክስ ሣጥን ነው፤ ዶናት ተሞልቶ፣ በሁሉም ፊት።

ሚስ ዊኒፍሬድ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ደስታ ነበር ፊታቸው ላይ። ቀስ በቀስ ሌላ ነገር መጣ።

«እሳቸው ናቸው» አሉ። «እሳቸው ናቸው የጻፉት። እኔ ስባረር ደግሞ ዝም ብለው ሊያዩ ነበር።»

*

ስድስት ሰዓት ሲሆን ወይዘሮ ቫን ዌርት የስንብት ደብዳቤውን ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ደረሱ። ሠራተኞቹ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት መሳቢያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ቅባታም። ዶክተር ክሪል ከቢሯቸው ወጥተው ሁለቱን ሲያዩ ቆመው ቀሩ።

«ዶክተር» አለች ዴልፊን ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «የኤክስ ካርዶች የት ናቸው?»

ዶክተር ክሪል ቀስ ብለው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ዘጠኝ ካርዶች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ያ የጠፋው ቁልፍም አብሮ ወጣ።

ካርድ ሊጽፉ እጃቸው ወደ ብዕራቸው ሄደ።

«በአፍዎ» አለች ዴልፊን።

«ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ያልለመደው ክፍል ውስጥ ተሰነጠቀ። «ልብ ወለድ ጻፍኩ። አሥራ አንድ አሳታሚ መለሰልኝ። አንዱ ‹ለፍቺ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ› አለኝ። እዚህ ተቀጠርኩ፤ በቀን አሥር ካርድ መቅዳት ነበረብኝ። አንድ ቀን ጋዜጣ ሳነብ ደከመኝና አዲስ ታሪክ ከራሴ ፈጥሬ ጻፍኩ። ሌላ ሰው ያነበዋል ብዬ አይደለም። የሆነ ቦታ እንዲቀመጥ ብቻ ነው። ዋና አዘጋጅ ሲያደርጉኝ አቆምኩ።»

«ጣራ ላይ ትተዋት!» አሉ ሚስ ዊኒፍሬድ።

ዶክተር ክሪል ዞር አሉ። «ምን አሉ?»

«አልሚራን! ጣራ ላይ፣ በባሏ ኮት፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት!»

ዶክተር ክሪል ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «አንብበውታል?»

«ስድስት መቶ አሥራ አንዱንም። ሦስት ጊዜ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አጠገቤ ሲሠሩ… ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን እንደጻፈው አላውቅማ! ደግሞስ እዚህ ቤት ማን ያወራል?»

እውነታቸውን ነው። ያን የዝምታ ደንብ ከቀድሞው አጥብቀው ሁሉ ቦታ ያስለጠፉት ዶክተር ክሪል ራሳቸው ናቸው። አንድም አንባቢ የለኝም ብለው ያዘኑበትን ዕድሜ ሁሉ አንባቢያቸው ከግድግዳው ወዲያ ነበሩ። ዴልፊን ተናድዳ ነበር የመጣችው፤ አሁን ግን አዘነችላቸው።

ወይዘሮ ቫን ዌርት ቦርሳቸውን አስቀመጡ። «ይቅርታ፣ ጣራ ላይ ያለችው ማነች?»

ያን ቀን በፔንሮክ መዝገበ ቃላት ቤት ፍቺ የጻፈ የለም። ሐሰተኛ ካርድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሊቆይ አይችልም፤ በዚህ ሁሉም ተስማማ። ከአራት ሺህ መሳቢያ ለቅሞ ማውጣት የሚችል ሰው ደግሞ ከሚስ ዊኒፍሬድ በቀር የለም። ወይዘሮ ቫን ዌርት የስንብት ደብዳቤውን ለሁለት ቀደዱትና ወንበር ሳቡ። ሚስ ዊኒፍሬድ ከመሳቢያ መሳቢያ እየተመላለሱ ካርዶቹን በተራ አውጥተው ጮክ ብለው አነበቡ። ሉሽየስ ቀብሩ ላይ ሲደርሱ ፂሙ ውስጥ አለቀሰ፤ ድዴን አሞኝ ነው አለ። ዴልፊን ከጣቢያው ሁለት ጊዜ ተደውሎላት አልሄደችም። ዶክተር ክሪል የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን ጥግ ላይ ተቀምጠው ጽፈው ጨርሰው፣ ራሳቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዳምጡ ነበር።

አሥር ሰዓት አካባቢ ሚስ ዊኒፍሬድ የመጨረሻውን ካርድ አነበቡ። «“እጅሽን ስጪኝ” አለ ኤፍሬም።»

ሚስ ዊኒፍሬድ አንድ ባዶ ካርድ አንስተው ዶክተር ክሪል ፊት አስቀመጡ።

«ይጻፉ።»

«አላውቅም እኮ። ያቆምኩት ምን እንደምትል ስላላወቅሁም ነው።»

«አሁን ያውቃሉ።»

ዶክተር ክሪል ካርዱን ረጅም ጊዜ አዩት። ቀና ብለው ሚስ ዊኒፍሬድን አዩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያላዩትን ፊት። ከዚያ አንድ መስመር ጻፉ፤ ሳይሰርዙ። ምንጭ አልጻፉም። ከሥሩ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን መነሻ ፊደላት አሰፈሩ።

ሚስ ዊኒፍሬድ መነጽራቸውን አስተካክለው ለሁሉም አነበቡት።

«“መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቀኝ” አለች አልሚራ።»

ካርዱን አስቀመጡት። እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ።

ዶክተር ክሪል ተነሱ። አዋቂ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛ ያላትን ቃል ሁሉ ከነፍቺው ያውቃሉ፤ ግን አፋቸው ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ባዶውን ተዘጋ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሚስ ዊኒፍሬድ» አሉ በመጨረሻ። «ፈሪ ነበርኩ። አሳልፌ ልሰጥዎት ነበር።»

«ሊሰጡኝ ነበር» አሉ ሚስ ዊኒፍሬድ። ካርዱን ከጠረጴዛው አንስተው፣ በመሳቢያ ውስጥ ሳይሆን የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ተቀብያለሁ። አሁን ሁለተኛውን መጽሐፍ መቼ ነው የሚጀምሩት?»